የጀማ ሸለቆ ጥርሶች

ከሙከጡሪ በለሚ አድርጎ ወደ ዓለም ከተማ የሚጓዝ ሰው መርሐቤቴን ከመርገጡ በፊት የጀማን ቁልቁለት ይወርዳል። ከገደሉ አናት ያለው ጥቁር ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ የሥነ ምድር ሊቃውንት «የሙገር ጭቃ ድንጋይ» የሚሉት ንብብር አለ። ዕድሜው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ ሉሲ ግን የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ብቻ ናት።

ከጭቃ ድንጋዩም በታች ያለው የኖራ ድንጋይ የባሕር ወለል ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ወንዞች ተተኩና ደለላቸው በዳርቻው የኖረውን ፍጥረት ቀበረ። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማርክ ጉድዊን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጥናት የዚህን ደለል ዓሦች፣ ዔሊዎች፣ አዞዎችና ዳይኖሰሮች ለዓለም አስተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት የዳይኖሰሮቹን ጥርሶች ለብቻቸው መረመረ።

ለምን ጥርስ ብቻ? ወራጅ ውኃ አጥንትን እያንከባለለ ይሰባብራል፤ የጥርስ ሽፋን ግን ከአካል ሁሉ የጠነከረ ነው። ዳይኖሰር ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ጥርሱን እየጣለ አዲስ ያበቅል ስለነበር፣ አንዱ እንስሳ ብቻውን ብዙ ጥርስ ትቶ ያልፋል።

የጀማ ደለል በተከማቸበት በዚያው ዘመን፣ በዛሬዋ ጀርመን ዞልንሆፈን ረግቶ በተኛ የባሕር ዳር ውኃ ውስጥ አርኪዮፕተሪክስ የተባለው ጥንታዊ ወፍ ወድቆ በደቃቅ ኖራ ተሸፈነ። ላባው ሳይቀር ታትሞ እ.ኤ.አ. በ1861 ስም ወጣለት። እሱም ባለ ጥርስ ነበር። በአሜሪካ ካንሳስ የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ1872 ስም የወጣለት የባሕር ወፍ ኢክቲዮርኒስ፣ ከእሱ በአሥር ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ዓመታት በኋላ ኖሮም ጥርሱን አልጣለም። ከጀማ በታወቁት ቅሪቶች መካከል ወፍ የለም። ከወፎች ጋር እጅግ የሚዛመዱት፣ ድሮሚዮሰር የተባሉት ዳይኖሰሮች ግን በጥርሳቸው ተለይተው በዝርዝሩ ገብተዋል። ለእኔ ከግኝቶቹ ሁሉ ልብ የሚነካው ይህ ነው፤ የወፎች የቅርብ ዘመድ በሰሜን ሸዋ ወንዝ ዳር ያድን ነበር።

ከእግሩ ሥር ደግሞ የእኛ ወገን ይርመሰመስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዚሁ ጭቃ ድንጋይ የወጣች፣ አንድ ጥርስ የያዘች የታችኛ መንጋጋ ስባሪ ይፋ ሆነች። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘች የጁራሲክ ዘመን አጥቢ እንስሳ ቅሪት ናት።