አንድ የባሕር ውጊያ ሥዕል፦ የሚታየውና የማይታየው

ለቶአር ሼኒ በምማረው የሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ በጣም ካከራከሩኝ ሥራዎች አንዱ የባሕር ውጊያ የሚያሳይ አሮጌ ኅትመት ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ሥዕል ሲያይ «መርከብ፣ ጭስ፣ መድፍ» ብሎ ያልፈዋል። እስቲ ዛሬ ቆም ብለን አብረን እንየው።

ውጊያው የተካሄደው ጁን 1 ቀን 1794 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ነው። በአድሚራል ሃው የተመራው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል 6 የፈረንሳይ የጦር መርከቦችን ማረከ፤ አንዷም ሰጠመች። ፊሊፕ ዣክ ደ ሉተርቡርግ የተባለው ሠዓሊ ውጊያውን በ1795 በዘይት ቀለም ሣለው። ከዚያ ጄምስ ፊትለር በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀረጸውና በ1799 ታተመ። ሥዕሉ ከ3 ሜትር በላይ ስፋት ስላለው ማንም ቤቱ ሊሰቅለው አይችልም፤ ኅትመቱን ግን ገንዘብ ያለው ሁሉ ገዝቶ ይሰቅላል። እንዲያውም ሥዕሉን ያዘዙት ኅትመት ነጋዴዎች ናቸው።

መጀመሪያ መስመሮቹን ተመልከቱ። ቀራጩ ያለው ጥቁር ቀለምና ነጭ ወረቀት ብቻ ነው። ጨለማ ሲፈልግ መስመሮቹን ያጠጋጋል፤ ብርሃን ሲፈልግ ያራርቃል። ያ ሁሉ ጭስና ማዕበል የተሠራው በዚህ ዘዴ ነው።

ቀጥሎ ብርሃኑን እዩ። ሉተርቡርግ ለንደን ውስጥ ድሩሪ ሌን በተባለው ቲያትር ቤት የመድረክ ገጽታ ይሠራ ነበር። ውጊያውንም እንደ መድረክ ነው ያቀናበረው፦ ሁለቱ ታላላቅ መርከቦች፣ የሃው «ክዊን ሻርሎት»ና የፈረንሳዩ «ሞንታኝ»፣ ተፋጥጠው ይታያሉ። የመርከቦቹ አቀማመጥ ከእውነተኛው ውጊያ ጋር አይገጥምም ተብሎ በዘመኑ ተተችቷል።

አሁን ዓይናችሁን ወደ ታች አውርዱ። ባሕሩ ላይ ስባሪ እንጨት የያዙ፣ የሚሰጥሙ፣ በጀልባ የሚያወጧቸውን የሚለምኑ ሰዎች አሉ። መርከቦቹ ስም አላቸው፤ እነዚህ ሰዎች ግን የላቸውም። ለእኔ የሮማንቲክ ዘመን ስሜት ያለው እዚህ ነው። የድል ሥዕል ነው የተባለው፣ ተመልካቹን ከሚሰጥመው ሰው አጠገብ ያቆመዋል።

ግን ዋናው ነገር ሥዕሉ ውስጥ የለም። ያን ዓመት ፈረንሳይ በእህል እጥረት ተጨንቃ ነበር፤ ከአሜሪካ እህል የጫኑ ከ100 በላይ መርከቦች እየመጡላት ነበር። የፈረንሳይ ጦር መርከቦች የወጡት እነዚህን ለመጠበቅ ነው። እንግሊዞች ውጊያውን አሸነፉ፤ እህሉ ግን በሰላም ብረስት ወደብ ገባ። ታዲያ ማን አሸነፈ? ሁለቱም አገሮች «እኛ» አሉ፤ ሁለቱም የሚሉት ነበራቸው። ለንደን ያለው ገዢ ግን ግድግዳው ላይ የሰቀለው የአንዱን ወገን መልስ ብቻ ነው። የዳቦው ወረፋ ኅትመቱ ላይ የለም።

እንዲህ ያለ ኅትመት በሙዚየም ወይም በመጽሐፍ ስታገኙ፣ ማን እንዳሳተመውና ለማን ሊሸጥ እንደነበር ጠይቁ። ከዚያ «ሰዎቹ የሚዋጉት ስለ ምንድን ነው?» በሉ። ብዙ ጊዜ መልሱ ከክፈፉ ውጭ ነው የሚገኘው።