የሼፊልድ ሰንጢ፤ ስለ ምልክቱ፥ ስለ አሠራሩና ስለ አያያዙ

ሰንጢ ለአብዛኛው ባለሱቅ ከመደርደሪያው ጫፍ፥ ከመቀስና ከምላጭ ጋራ የሚቀመጥ ጥቃቅን ሸቀጥ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ይኸው ታጣፊ ስለት ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት፥ ባለሙያዎች በየደንበኛው ፍላጎት የሚያስጌጡት፥ በኪስ ስለ መያዙም ፓርላማው ሕግ ያወጣለት ዕቃ ሆኗል። በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት አሮጌ ሰንጢዎች በአንድ ገበያ ቀርበው፥ አንዱ እንደ ውራጅ ብረት ሲናቅ ሌላው በብዙ እጥፍ ዋጋ ሲሸጥ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ልዩነቱን የሚያመጣው ከስለቱ ግርጌ የተመታው፥ የጥፍር ስፋት እንኳ የማይሞላው ምልክት ነው። ምልክቱን ማንበብ የማያውቅ ነጋዴ ሲገዛም ሲሸጥም ይጐዳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ሥራ አገር ሼፊልድ ነው። ከተማው በሰሜን እንግሊዝ፥ በዮርክሻየር አውራጃ የሚገኝ ሲሆን፥ ወንዞቹ የመሳያውን ድንጋይ መንኰራኵር ያዞሩለት፥ በዙሪያው ያሉትም ኮረብቶች ድንጋዩን ያስገኙለት ነበር። ቾሰር የተባለው ባለቅኔ በ14ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ በጻፈው የካንተርበሪ ታሪኮች ውስጥ አንድ ባለወፍጮ የሼፊልድ ካራ ታጥቆ ይታያል፤ ስለዚህ የከተማው ስም ከስለት ጋራ የተያያዘው ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ነው። በ1740ዎቹ ዓመታት ደግሞ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ፥ ለሰዓቱ ሞላ የሚሆን የጠራ ብረት ቢያጣ፥ አረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ እያቀለጠ የሚያጠራበትን ዘዴ አገኘ። ለሰዓት ሞላ የተፈለገው ብረት ለሰንጢም ስለትና ሞላ ተስማሚ ሆነ።

በ1624 በፓርላማ ሕግ የሃላምሻየር ካራ ሠሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ የሥራውን ጥራት ይቈጣጠር፥ የየአንዳንዱንም ባለሙያ ምልክት ይመዘግብ ነበር። ምልክቱ እንደ ማኅተም ይቈጠራል፤ ይወረሳል፥ ይሸጣል፥ ሌላ ሰው ቢመታው ግን ያስከስሳል። ፊደል ያልቈጠረ ገዢ ሳይቀር ሥዕሉን አይቶ ሠሪውን ስለሚያውቅ፥ የሼፊልድ ስም ወደ ሩቅ አገር የተጓዘው በጽሕፈት ሳይሆን በእነዚህ ምልክቶች ነው ማለት ይቻላል። ከነዚህም እጅግ የታወቀው የጆሴፍ ሮጀርስ ቤት የያዘው ኮከብና የማልታ መስቀል ሲሆን፥ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1682 ነው። ይኸው ቤት የእጁን ጥበብ ለማሳየት በ1822 አንድ ሺሕ ስምንት መቶ ሃያ ሁለት ስለት ያለው አንድ ሰንጢ አሠርቶ ነበር። ለኪስ አይሆንም፤ ለዝና ግን ሆኗል። የጆርጅ ዎስተንሆልም ቤት ደግሞ ‹አይ ኤክስ ኤል› የሚል ምልክት ነበረው፤ ሦስቱ ፊደላት በእንግሊዝኛ ሲነበቡ ‹እኔ እበልጣለሁ› የሚል ድምፅ ይሰጣሉ። ገበያው በአሜሪካ ስለ ነበር ለፋብሪካው የዋሺንግተንን ስም ሰጠው።

ስም ያወጣ ዕቃ አስመሳይ አያጣም። በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ በጀርመን አገር የተሠራ ርካሽ ሰንጢና ቢላዋ የሼፊልድ ስም እየተመታበት ወደ ገበያ ገባ። የሼፊልድ ሠሪዎች አቤቱታቸውን ካበዙ በኋላ በ1887 የሸቀጥ ምልክቶች ሕግ ወጣ፤ በዚህም ሕግ የእንግሊዝ ስም የሚያሰማ ምልክት ያለበት የውጭ ዕቃ የተሠራበትን አገር እንዲናገር ተገደደ። ‹በጀርመን አገር የተሠራ› የሚለው ቃል ለነቀፌታ ታስቦ ነበር የተጻፈው፤ ነገር ግን ጀርመኖች ሥራቸውን እያሻሻሉ ሄደው ያው ቃል ጥቂት ቈይቶ የምስጋና ቃል ሆነላቸው። የጀርመኑ የስለት ከተማ ዞሊንገንም በበኩሉ በ1938 የከተማውን ስም በሕግ አስከብሯል።

በ1890 የአሜሪካ መንግሥት ያወጣው የማኪንሊ ቀረጥ ሕግ ሼፊልድን ከሁሉ ይልቅ ጐዳው። ቀረጡ ከፍ ስላለ ብዙው የአሜሪካ ገበያ ተዘጋ። ይሁን እንጂ ሕጉ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የአገሩ ስም እንዲጻፍበት በማዘዙ ለዛሬ ሰብሳቢ ጥሩ መለያ ትቶለታል፤ ‹ኢንግላንድ› የሚል ቃል የተመታበት ሰንጢ በአብዛኛው ከ1891 ወዲህ የተሠራ ነው። የንግሥት ቪክቶሪያን ስም የሚያመለክቱት ቪ እና አር ፊደላት ከዘውድ ጋራ ከተመቱበትም፥ ዘመኑ ከ1837 እስከ 1901 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚውል ይገመታል። በብር የተሠራ የፍራፍሬ ሰንጢ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይቀላል፤ ከ1773 ጀምሮ ሼፊልድ የራሱ የብር መፈተኛ ቤት ስላለው፥ እስከ 1975 ድረስ የቤቱን ምልክት ዘውድ፥ ከአጠገቡም ዓመቱን የሚያስታውቀውን ፊደል ማየት ይበቃል። የብር ስለት የተመረጠው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የፍራፍሬ ኮምጣጣነት አረብ ብረትን ስለሚያጠቍር፥ ጣዕሙንም ስለሚያበላሽ ነው።

እዚህ ላይ ገዢው ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ሮጀርስ በ1971 ዎስተንሆልምን ጠቅልሎ ከያዘ በኋላ ሁለቱም ስሞች ወደ ሌላ ባለቤት ተላልፈዋል፤ ስለዚህ የጥንቱ ምልክት ያለበት ሁሉ የጥንት ሥራ አይደለም። ይህ ማታለል አይደለም፤ ምልክት በሕግ የሚሸጥ ንብረት ነውና። ማታለል የሚሆነው ባለሱቁ አዲሱን እንደ አሮጌ አድርጎ ሲሸጥ ነው። እንዲሁም ‹ኒኬል ሲልቨር› የሚባለው ነጭ ማዕድን የመዳብ፥ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ እንጂ አንዳች ብር የለበትም።

ከምልክቱ ቀጥሎ የሚፈተነው አሠራሩ ነው። የሼፊልድ ሰንጢ ቍልፍ የለውም። በጀርባው ያለው የብረት ሞላ ስለቱን ሲከፈትም ሲዘጋም ተጭኖ ይይዘዋል። ሥራው ጥሩ ከሆነ ስለቱ ሲከፈት ጠንከር ብሎ ይሄዳል፥ ሲደርስም ቀጭ ብሎ ይቀመጣል፤ ወደ ጐንና ወደ ጐን ሲነቀነቅ አይላወስም፤ ሞላውና እጀታው በጀርባ በኩል በጣት ሲዳሰሱ እንደ አንድ አካል ይሆናሉ። ይህን የሚያደርገው መኪና ሳይሆን የሠሪው ዐይንና መዶሻ ነው። በጥንቱ ሥርዐት አንዱ ስለቱን ይቀጠቅጣል፥ ሁለተኛው በድንጋይ ይስለዋል፥ ሦስተኛው ሞላውንና እጀታውን ገጣጥሞ ይጨርሰዋል። እያንዳንዱ በተከራየው ጠባብ ክፍል ለራሱ የሚሠራ ስለ ሆነ ‹ትንሹ ጌታ› የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። የሳዮቹ ዕጣ ግን የከፋ ነበር፤ የድንጋዩ አቧራ ሳንባቸውን እየበላ ብዙዎቹን ገና በጐልማሳነት ገድሏቸዋል። አሮጌ ሰንጢ በእጁ የሚይዝ ሰው ይህንንም ቢያስብ ክፉ አይደለም።

የስለቱ ቅርጽ እንደ ሥራው ይለያያል። ‹የበግ ጠቦት እግር› የሚባለው የሚቈርጠው አፉ ቀጥ ያለ፥ ጀርባው ወደ ጫፉ የሚያዘቀዝቅ ሲሆን፥ ለገመድ፥ ለቈዳና ለአትክልት ሥራ ይመረጣል፤ ሹል ጫፉ ዝቅ ያለ ስለ ሆነም ሳይታሰብ አይወጋም። ዛሬ በየአገሩ ‹የብዕር ካራ› የሚባለው ትንሹ ስለት ስሙን ያገኘው የላባ ብዕር ይቀረጽበት ስለ ነበር ነው፤ የብራና ጸሐፊ የመቃ ብርዑን የሚቀርጽበት ካራ ያለው ያህል መሆኑ ነው።

ስለ ማስጌጥ የተነሣ እንደ ሆነ፥ አዲስ ሰንጢ የሚያዝ ደንበኛ የእጀታውን ዐይነት ይመርጣል፤ የጐሽ ቀንድ፥ የበግ ቀንድ፥ የአጋዘን ቀንድ፥ ዞጲ ወይም ቀለም የተነከረ አጥንት። ስሙን በእጀታው ላይ በምትገባው ትንሽ ጋሻ ያስቀርጻል፤ የሞላውን ጀርባ በሞረድ ጥልፍ ያስጠልፋል። ይህ ሁሉ የተገባ ነው። ነገር ግን የዱሮውን ሰንጢ እጀታ ነቅሎ በአዲስ መተካት ወይም በዘመን ብዛት ያጠቈረውን ስለት በመፈግፈጊያ ማንጻት ዋጋውን መጣል ነው። ሰብሳቢ የሚከፍለው ያልተነካ በመሆኑ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተለመደው የሴሉሎይድ እጀታ ግን ሲያረጅ የሚያወጣው ትነት ስለቱን ስለሚያዝግ፥ ከሌሎቹ ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል።

አስመጪና ላኪ ከሁሉ በፊት ሊያስብበት የሚገባው የዝሆን ጥርስ ነው። ቀድሞ እጅግ የተከበሩት ሰንጢዎች እጀታቸው ከዝሆን ጥርስ ነበር። እንግሊዝ በ2018 ባወጣችውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ የዝሆን ጥርስ ንግድ በጥቂት ልዩ ፈቃዶች ካልሆነ በቀር ተከልክሏል፤ ከ1947 በፊት ለተሠራ ዕቃ የተሰጠው ፈቃድ እንኳ ጥርሱ ከመላው ዕቃ ከመቶ አሥር እጅ ያነሰ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የሰንጢ እጀታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያልፋል። ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት ይህን ዕቃ ያለ ፈቃድ ከድንበር ድንበር ማሳለፍን ስለሚከለክል፥ በርካሽ የተገዛ ሰንጢ በጉምሩክ ሊወረስ ይችላል። አጥንትን ከዝሆን ጥርስ ለመለየት በማጉያ መነጽር ማየት ይረዳል፤ አጥንት ጥቃቅን ጥቋቍር ነጥቦች ይታዩበታል፥ ጥርስ ግን ወጥ ነው፥ በተቈረጠውም ጫፉ የሚተላለፉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት።

በእንግሊዝና በዌልስ በአደባባይ ሰንጢ ስለ መያዝ የ1988 የወንጀል ፍትሕ ሕግ ወስኗል። ታጣፊ ሆኖ የሚቈርጠው አፉ ከሦስት ኢንች፥ ማለት ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ሰንጢ ያለ ምክንያት ሊያዝ ይችላል። በ1993 ደግሞ ፍርድ ቤት ሲከፈት የሚቈለፍ ስለት ‹ታጣፊ የኪስ ሰንጢ› እንደማይባል ፈርዷል፤ ስለዚህ አጭር ቢሆን እንኳ የሚቈለፈውን የያዘ ሰው በቂ ምክንያት ማቅረብ አለበት። ሰውን ለመጕዳት ታስቦ የተያዘ ከሆነ ደግሞ መጠኑ ምንም ያህል ቢሆን ያስቀጣል። ለንደን የሚኖሩ ዘመዶች ሰንጢ ስጦታ ላኩልን ቢሉ፥ ላኪው የስለቱን ርዝመትና ቍልፍ አለመኖሩን አይቶ መምረጥ ይገባዋል። ቍልፍ የሌለው የጥንቱ የሼፊልድ አሠራር ለዚህ ሕግ ተስማሚ ሆኖ መገኘቱ ሠሪዎቹን ጠቅሟቸዋል።

ዛሬ በሼፊልድ ይህን ሥራ የሚሠሩት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ገና በልጅነቱ ወደ ሥራው ገብቶ ዕድሜውን በሰንጢ ሥራ የፈጸመው፥ ከመንግሥትም ኒሻን የተቀበለው ስታን ሾው በ2021 አርፏል። እንደ ኤ ራይትና ልጁ ያሉ ቤቶች አሁንም ለእጅ ሥራ የሚሆነውን ሰንጢ እያወጡ ናቸው።

አያያዙ ቀላል ነው። በ1913 ሃሪ ብሪርሊ በዚያው በሼፊልድ ያገኘው የማይዝግ ብረት ብዙ ጥንቃቄ አይሻም። የጥንቱ አረብ ብረት ግን በቀላሉ ይሳላል፥ በቀላሉም ይዝጋል፤ ስለዚህ ከተሠራበት በኋላ ተጠርጎ ይደርቃል፥ ከመጋጠሚያውም አንድ ጠብታ ዘይት ይደረግለታል። ባለሱቅ ለሽያጭ የሚያቈየውን ሰንጢ በቈዳ ከረጢት ውስጥ አይተወው፤ ቈዳው የተለፋበት መድኀኒትና የሚስበው እርጥበት ብረቱን ይበላዋልና፥ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይሻላል።