በሣጥን ያለውን የቀድሞ ገንዘብ ስለ መጠበቅ

ገንዘብ ሁለት ዋጋ አለው፤ አንደኛው በሚዛን ይታወቃል፤ ሁለተኛው ግን ከየት እንደ መጣና ምን ያህል ቢጤ እንደ ቀረው በመመርመር ብቻ ይገኛል። አንጥረኛ የሚሻው የፊተኛውን ነውና፤ የኋለኛውን መጠበቅ የባለቤቱ ተግባር ነው።

ይህን የአሜሪካ ነገር ያስረዳናል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1848 በካሊፎርኒያ ብዙ ወርቅ ከተገኘ በኋላ፤ መንግሥቱ ከ1850 ጀምሮ ክብደቱ ከ33 ግራም የሚበልጥ የ20 ዶላር የወርቅ ገንዘብ ለገበያ አወጣ። በ1933 ግን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሕዝቡ የወርቅ ገንዘቡን ለባንክ እንዲያስረክብ አዘዙ፤ የተሰበሰበውም በብዛት እየቀለጠ ጥፍጥፍ ወርቅ ሆነ። ሰብሳቢዎች የሚፈልጓቸው ብርቅ ገንዘቦች ግን ከትእዛዙ ውጭ ነበሩ፤ ዛሬም ከወርቃቸው ዋጋ እጅግ በልጠው ይሸጣሉ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይምሰለን። በወረታና በፎገራ ሜዳ፤ እንደ ሌላውም የጎንደር አገር፤ ቀድሞ የከብት ዋጋ የሚከፈለው በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ጠንቃቃ ሻጭም የንግሥቲቱን የደረት ጌጥ ፍሬዎች ሳይቈጥር አይቀበልም ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በወጣ ጊዜ ጠገራው ከገበያ ወደ ሣጥን ገባ፤ ከሣጥኑም ብዙው ወደ አንጥረኛ እሳት እየሄደ ድሪና አልቦ፤ የአንገት መስቀልም ሆነ።

ጠገራ ሁሉ ብርቅ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ንግሥቲቱ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1780 ዐረፉ፤ ገንዘባቸው ግን ይህንኑ ዓመት እንደ ያዘ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ስለ ተመታ፤ የተጻፈበት ቍጥር ዕድሜውን አያስረዳም። ነገር ግን ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱት 1887 ዓ.ም. የሚል ብር፤ ይልቁንም 1889 ዓ.ም. የተጻፈበት የወርቅ ገንዘብ በቤቱ ያለ ሰው፤ ለአንጥረኛ ከመስጠቱ አስቀድሞ አዋቂ ይጠይቅ።

የቤት እመቤቶች ሆይ፤ አሮጌውን ገንዘብ በአመድና በሎሚ አትፈትጉት፤ የጠራ ቢመስልም መልኩና ጽሕፈቱ ይፋቃልና። በጠርዙ ያዙት፤ በንጹሕና በደረቅ ወረቀት ጠቅልሉት። ከማን እንደ ተወረሰና በየትኛው ዓመት እንደ ተሰጠም ጽፋችሁ ከእርሱ ጋር አኑሩ።

ብር ቢቀልጥ ብርነቱ አይጠፋም፤ ሚዛኑም ያው ነው። የንጉሡ መልክና የአያት መታሰቢያ ግን አንድ ጊዜ ከቀለጡ በኋላ፤ የቱንም ያህል ብልኅ አንጥረኛ ቢገኝ መልሶ አይሠራቸውም።