የቆመች ኳስና የሚጣደፍ ዱላ፦ የጎልፍ ምትን በዝግታ መለማመድ

የጎልፍ ኳስ ቢበዛ 45.93 ግራም ትመዝናለች። ሣር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ የሚቀማም፣ የሚያባርርም ተጋጣሚ የለም። እንዲያም ሆኖ ይህችን የቆመች ኳስ ቀጥ አድርጎ መምታት በሌላ ስፖርት አንቱ የተባለውን ሁሉ ያሳፍራል። ምክንያቱ የጊዜ ማጠር ነው። ባለሙያ ተጫዋች ዱላውን ወደ ኋላ ለማንሳት ሦስት አራተኛ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ ወደ ኳሷ ለመመለስ ግን ሩብ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ድራይቨር የሚባለው ረጅሙ ዱላ ራሱ ኳሷ ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ኳሷን የሚነካትም ለሺሕኛ ሰከንድ ግማሽ ያህል ብቻ ነው።

ዓይን አይቶ፣ አእምሮ አዝዞ፣ ጡንቻ እስኪታዘዝ ደግሞ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል ያልፋል። እንግዲህ ዱላው መውረድ ከጀመረ በኋላ ማሰብ፣ ማረም፣ መጸጸት የለም። ስዊንግ የሚሉት ይህ ሙሉ ምት የሚስተካከለው ከሜዳ ውጭ፣ አስቀድሞ ነው። የዝግታ ልምምድ የተፈለገውም ለዚህ ነው።

ምቱን አዘግይቶ በማየቱ ካሜራ ቀድሟል። ቦቢ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1930 የዘመኑን አራት ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት ጠቅልሎ ካሸነፈ በኋላ፣ በ1931 ለዋርነር ብራዘርስ ተከታታይ የማስተማሪያ ፊልሞች ሠራ። በ1938 ደግሞ የኤም.አይ.ቲው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን ዴንስሞር ሹት የተባለውን ተጫዋች በብልጭታ መብራት ፎቶ አንስቶ፣ አንዱን ምት በአንድ ምስል ላይ እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ አሳየ። ግን ማየት ማድረግ አይደለም። የሻምፒዮንን ምት በስልኩ ሲያይ የሚያመሽ ሰው በማግስቱ የሚመታው ያንኑ የራሱን የድሮ ምት ነው። ሰውነት የሚማረው ራሱ ሲዘገይ ነው።

ዋናው ትምህርት ቅደም ተከተል ነው። ጥሩ ምት የሚወርደው ከታች ተነስቶ ነው፦ ክብደት ወደ ፊተኛው እግር ይሄዳል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ደረትና ትከሻ ይከተላሉ፣ ከዚያ ክንድ፣ በመጨረሻ የዱላው ራስ። ጀማሪ ግን ኳሷን ለመቅጣት እንደተነሳ ሰው በእጁና በትከሻው ይጀምራል። ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ ይቆርጥና፣ በቀኝ እጁ የሚመታ ከሆነ ኳሷ ወደ ቀኝ ትታጠፍበታለች። በሙሉ ፍጥነት ይህ ጥፋት አይታወቅም፤ የሚታወቀው ኳሷ ዛፍ ውስጥ ስትገባ ነው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ያለ ኳስ ቁሙ፤ ከመነሻ እስከ መጨረሻ አንዱን ምት ግማሽ ደቂቃ አድርጉት። መስታወት ካለ ፊቱ ሁኑ። ዱላው ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን፣ ጫፍ ሲደርስና ሲመለስ ቆም ብላችሁ ክብደታችሁ የትኛው እግር ላይ እንዳለ ጠይቁ። አብዛኛው ሰው ወደ ኋላ ሲወስድ ቀስ ይላል፤ ጫፍ ላይ ደርሶ አቅጣጫ ሲቀይር ግን ሳያውቀው ይጣደፋል። የተጣደፋችሁበት ቦታ በሽታው ያለበት ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ደጋግሙ። ሚዛን ካጣችሁም መልካም ነው፤ ፍጥነት ሲሸፍነው የኖረውን ጉድለት አገኛችሁ ማለት ነው።

በዚህ ልምምድ ስሙ የሚነሳው ተጫዋች ቤን ሆጋን ነው። ሆን ብሎ እጅግ በዝግታ ሲመታ የሚያሳየው አጭር ፊልም ዛሬም በአሠልጣኞች እጅ ይዞራል። ዳሌው እጁን ሲቀድም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሆጋን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ አጥንቱ ብዙ ቦታ ተሰብሮ ነበር፤ በ1950 ሜሪዮን ላይ የአሜሪካን ኦፕን አሸነፈ። ሰውየው ልምምድ የማይጠግብ ነበርና ድሉን ለዝግታው ብቻ መስጠት አይገባም።

ዝግታ ሁሉን አያስተምርም። በፍጥነት ሲመታ የዱላው ዘንግ ይታጠፋል፣ የዱላው ራስ ክብደት ክንድን ይጎትታል፣ እግር መሬትን በኃይል ይገፋል፤ በዝግታ ሲሆን ግን ይህ ሁሉ የለም፣ ጡንቻ ዱላውን ተሸክሞ ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ በዝግታ ብቻ የተለማመደ ሰው ቅርጹ ያምራል እንጂ ኳሷ አትርቅለትም። መንገዱን የቤተ ክርስቲያን አቋቋም ተማሪ ያውቀዋል፦ መቋሚያውን ይዞ ከቁም ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከዚያ ወደ ጽፋት ይፈጥናል እንጂ በጽፋት አይጀምርም። የጎልፍ ተጫዋችም ከዝግታው ወደ ግማሽ ፍጥነት፣ ከዚያ ወደ ሙሉው መውጣት አለበት። ግማሹ ላይ ቅርጹ ከፈረሰ ይመለስ።

በአዲስ አበባ የኦልድ ኤርፖርቱን ጎልፍ ክለብ በር ለማለፍ ሁሉም አይታደልም። ይህ ልምምድ ግን ሜዳም ኳስም አይጠይቅም፤ አንድ ዱላና ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። ሳሎን ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ የኮርኒሱን አምፖል ከፍታ ለኩ።