ጨው የጫነ ሲራራ ተከዜን ሲሻገር

ጨው ጭኖ ወንዝ የሚሻገር ሲራራ ከአዞና ከጉማሬ ይልቅ የሚፈራው ውሃውን ራሱን ነው። በቅሎና አህያ መዋኘት ይችላሉ፤ ጨው ግን ይሟሟል። ከሰቆጣ ተነስቶ ወይም ወደ ሰቆጣ አቅንቶ ተከዜን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሻገር ነጋዴ ማወቅ ያለበት ነገር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ መቼ ልሻገር፣ በየትኛው መልካ፣ ጭነቱስ ከጋማ ከብቱ ጋር ይግባ ወይስ ለብቻው የሚለው ሁሉ።

የዋግ ሹሞች መቀመጫ የነበረችው ሰቆጣ ለረጅም ዘመን የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። ጨው ከአፋር ቆላ፣ ከዳሎል አካባቢ እየተፈነቀለ ይወጣና አሞሌ ሆኖ ይጠረባል። እስከ ደጋው ጫፍ ግመል ያደርሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ገደልና አቀበት የሚችሉት በቅሎና አህያ ነበሩ። ከመቀሌ በሳምረና በአበርገሌ አድርጎ ሰቆጣ የገባው ጨው ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ከዚያም አልፎ ይሄድ ነበር። አሞሌ ደግሞ ወጥ ውስጥ የሚገባ ቅመም ብቻ አልነበረም፤ መገበያያ ገንዘብም ነበር። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚወደድ ጽፏል። ለውድነቱ አንዱ ምክንያት መንገዱ ነው። የተሰበረ አሞሌ ዋጋው ይወድቃል፤ የረጠበ አሞሌም ጠርዙ እየሟሸሸ ያንሳል። ነጋዴው አሞሌውን በልጥ ወይም በጠፍር የሚያስረው እንዳይሰበርበት ነበር፤ ልጥ ግን ውሃ አይመልስም። ጭነቱ ወንዝ ውስጥ የገባበት ሰው የጠፋበት ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ ነበር።

ተከዜ ከላስታ ተራሮች ይነሳል፤ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ፣ ቀጥሎ ወደ ሰሜን ይታጠፍና ዋግን ከበለሳና ከስሜን ይለያል። ጥራሪን የመሳሰሉ ገባሮችን እየተቀበለ ሄዶ ሱዳን ሲገባ ሰቲት ይባላል፤ በመጨረሻም ከአትባራ ጋር ይገናኛል። ከሰቆጣ ደጋ ወደ ሸለቆው መውረድ ከብርድ ወጥቶ ሐሩር ውስጥ መግባት ነው። ቁልቁለቱ የእንስሳቱን የፊት እግር ያዝላል፣ ጭነቱንም ወደ አንገት ይገፋዋል። ስለዚህ ወንዙ ዳር የደረሰ በቅሎ ወዲያው ውሃ አይገባም። ጭነቱ ይወርድለታል፣ ላቡ እስኪደርቅም ያርፋል።

በበጋ ተከዜ በብዙ መልካዎች በእግር ይሻገራል። ክረምት ሲገባ ግን ሞልቶ መንገዱን ይዘጋል፤ ሲራራም ከመስቀል በኋላ እስኪጎድል ይጠብቃል። የክረምቱን ሙላት ማንም ስለሚያየው ጀማሪን ብዙም አያታልለውም። የሚያታልለው ደራሽ ነው። መልካው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ ላስታ ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ይደርሳል። ውሃው መደፍረስ ሲጀምር፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ሲመጣ፣ ገና ያልገባ አይገባም፤ መሀል ላይ ያለም ወደቀረበው ዳር ይወጣል። ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ የማይታደረውም ለዚሁ ነው።

መልካ ሲመረጥ ጠባቡ ቦታ ቅርብ ስለሚመስል ያጓጓል፤ ውሃው የሚጠልቀውና የሚፈጥነው ግን እዚያ ነው። ሰፋ ብሎ ጠጠር ላይ የሚፈስ መልካ ይሻላል። ከሁሉ በፊት የአገሩ ሰው በዘንግ እየለካ ይሻገርና መንገዱን ያሳያል፤ ያለፈው ክረምት ደለል መልካውን ቀይሮት ሊሆን ስለሚችል የአምናው ልምድ ብቻውን አይበቃም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1810 (እ.ኤ.አ.) ወደ ተከዜ በወረደ ጊዜ ወንዙ ጉማሬና አዞ የሞላበት ነበር። በዚህ ምክንያት ተሻጋሪዎች ተሰባስበው፣ እየጮሁና ድንጋይ እየወረወሩ መግባታቸው ጫጫታ ብቻ አልነበረም።

ውሃው ከበቅሎ ሆድ በላይ ከሆነ ጭነቱና እንስሳው ይለያያሉ። በጣናና ከጣና በሚወጣው ዓባይ ላይ ዕቃው በደንገል ታንኳ ይሄዳል። ደንገል በሌለበት ወንዝ ደግሞ የተነፋ ስልቻ ሰውንም ትንሽ ጓዝንም ያንሳፍፋል። ጨው በቆዳ ይጠቀለላል፣ ከሥሩም እንጨት ወይም ሣር ይደረግለታል፤ ታንኳ ከታች ውሃ ማስገባቱ አይቀርምና። አንድ ሰው ከጭነቱ ጋር አስቀድሞ ማዶ ይሻገራል። ያለ ጠባቂ ማዶ የተከመረ አሞሌ ምን ሊገጥመው እንደሚችል ነጋዴ አይስተውም።

እንስሳቱ የሚገቡት ባዶ ጀርባቸውን ነው። ኮርቻው፣ መደላድሉና መጫኛው ይፈታል፤ ውሃ የጠጣ መደላድል ከብዶ እንስሳውን ያሰምጣል፣ የተንጠለጠለ ገመድም እግር ይጠልፋል። እርስ በርስ ማሰር ፈጽሞ አይገባም፤ አንዱ ሲንሸራተት ሌላውን ይዞት ይሄዳል። ውሃ የለመደች በቅሎ ትመራለች፣ ሌሎቹ ይከተሏታል። አህያ ግን ይበልጥ እልኸኛ ነው። ጆሮው ውስጥ ውሃ ሲገባበት ይደነግጣል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ከጎኑ ሆኖ አገጩን ከፍ አድርጎ ይይዝለታል። ሰው ከእንስሳው ጋር ሲዋኝ ጋማውን ወይም ጅራቱን ይይዛል እንጂ አንገቱ ላይ አይንጠለጠልም፤ የሚይዘውም ከላይኛው፣ ውሃው ከሚመጣበት ጎን ሆኖ አይደለም፤ ወራጁ እንስሳው ሥር ይከተዋል። ወራጁ ሁሉንም ወደ ታች ስለሚወስድ መግቢያው ከመውጫው ከፍ ብሎ ይመረጣል። መውጫው ገደል ከሆነ ዋና የቻለ እንስሳ ሁሉ እዚያ ይደክማል።

ዛሬ ከወንዙ ሌላ ሐይቅም አለ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በሸለቆው ውስጥ ረጅም ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጥሯል፤ በዋግ በኩል ያሉ ማህበራትም ቆሮሶና ሌላ ዓሣ ያሰግሩበታል። እንደ ወንዝ የሚገፋ ወራጅ ስለሌለው ሐይቁ የዋህ ይመስላል። ይሁን እንጂ ዳሩ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ከክረምት በኋላ ሞልቶ በበጋ ሲሸሽ ጭቃና የደረቀ ግንድ ትቶ ይሄዳል። ጀልባው ጋ ለመድረስ ጭነት የተሸከመ አህያ ጭቃው ውስጥ ከመስጠሙ በፊት ቆም ብሎ መመልከት ይበጃል።

የዓሣ ጀልባ ለአህያ አልተሠራም። እንስሳ የሚጫነው ሰፊና ወለሉ ጠፍጣፋ በሆነ ጀልባ ብቻ ነው። ወለሉ እንዳያንሸራትት አፈር ወይም ጭድ ይነሰነስበታል። እንስሳው ጀልባው መካከል ይቆማል፣ ዓይኑ በጨርቅ ይሸፈናል፣ የለመደው ሰው አንገቱ ሥር ይሆናል። የሚታሰረውም አንዴ ሲሳብ ወዲያው በሚፈታ ቋጠሮ ነው። ነፋስ ከተነሳ ጉዞው ለማለዳ ይቆያል። ሁለት እንስሳ ካለ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መውሰድ ወይም አንዱን ሌላው እያየው ማሻገር ይቀላል፤ ብቻውን የቀረ አህያ ጓደኛውን ተከትሎ ውሃ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ማዶ እንደተደረሰ የመጀመሪያው ሥራ መጫን አይደለም። የእንስሳቱ ጀርባ ይደርቃል፤ እርጥብ ቆዳ ላይ የተጣለ መደላድል በሁለት ቀን ቁስል ያወጣል። ጨው የተጠቀለለበት ቆዳም ተፈትቶ ፀሐይ ይመታዋል፣ የረጠበው አሞሌ ከደረቁ ተለይቶ ይቀመጣል። ቀድሞ ጊዜ መንገዱ ኬላ ላይ ሲደርስ ቀራጩ ጭነቱን ስለሚቆጥር ነጋዴው የተሰበረውንና የሟሸሸውን አስቀድሞ ለይቶ ማወቁ ይጠቅመው ነበር።