እንጨትን ከመካከሉ የሚይዝ መሣሪያ



ከመሥሪያ ቤት መልስ ወይም በዕረፍት ቀን መጋዝና መሰርሰሪያ አንሥታችሁ የተነቃነቀ ወንበር የምታጠብቁ፤ ለልጆቻችሁም መደርደሪያ የምትሠሩ ጥቂቶች እንዳልሆናችሁ እናምናለን። ዛሬ የምንገልጽላችሁ ለዚሁ ሥራ የሚረዳ፤ የእንጨቱ ስፋት ቢለያይም ሁልጊዜ ከመካከሉ የሚይዝ መሣሪያ ነው።

ይህን የሚነግራችሁ ሰው ለልጁ የማጥኛ ጠረጴዛ ለመሥራት ተነሥቶ ነበር። የእግሮቹ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ስለ ነበረ እኩሌታው 22.5 ነው፤ እርሱ ግን 23 ብሎ፤ ሁለቱን እግሮች ከቀኝ፤ ሁለቱን ከግራ ለክቶ በሳ። ስሕተቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም እግሮቹ ፊት ለፊት ሲቆሙ እጥፍ ሆነ። አግዳሚው አልገባ ስላለ በመዶሻ ቢመታው የዋንዛው እግር ተሰነጠቀ። በወረቀት ላይ የተሳሳተ ቊጥር በላጲስ ይጠፋል፤ የተበሳ እንጨት ግን ወደ ነበረበት አይመለስም።

የመሣሪያውን መሠረተ ሐሳብ ለመረዳት የነጋዴውን ሚዛን ማሰብ ይበቃል። ዘንጉ ከመካከሉ የተያዘ ስለ ሆነ አንደኛው ጫፍ የወረደውን ያህል ሌላው ይወጣል። የእኛም ሁለት መንጋጋዎች ከእንዲህ ያለ ዘንግ ጋር ስለሚያያዙ፤ አንደኛው አንድ ጣት ሲቀርብ ሁለተኛውም አንድ ጣት ይቀርባል። ከፋብሪካ በሚወጡ አንዳንድ መሣሪያዎች ይህንኑ የሚፈጽመው እኩሌታው የቀኝ፤ እኩሌታው የግራ ጥርስ ያለው ረጅም ብሎን ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ርዝመቱ 40፤ ስፋቱ 16፤ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ጣውላ ውሰዱ። በርዝመቱ መካከል መሥመር አስምሩና በመሥመሩ አጋማሽ የብሎን ቀዳዳ ብሱ። ከዚህ ቀዳዳ ግራና ቀኝ፤ ከ9 እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ድረስ፤ ብሎን የሚንሸራተትበት ስንጥቅ አውጡ።

ሁለተኛ፤ ርዝመታቸው 10፤ ከፍታቸው 5 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት እኩል መንጋጋዎች እንደ ወይራ ካለ ጠንካራ እንጨት ቊረጡ። የብሎናቸው ቀዳዳ ከሚይዘው ፊት 8 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። መንጋጋዎቹ እንዳይጣመሙ በጎንና ጎናቸው ከፍታቸው 2 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ጠባቂ እንጨቶች በጣውላው ላይ ምቱ፤ የሚበሳውም እንጨት የሚጋደመው በእነዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛ፤ ከጣውላው በታች በመካከለኛው ብሎን ላይ የሚዞር ዘንግ አድርጉ። ከብሎኑ ግራና ቀኝ በ5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ብሱት፤ አንደኛውንም ጫፍ እጀታ እንዲሆን አስረዝሙት። ከእነዚህ ቀዳዳዎች እስከ መንጋጋዎቹ ብሎን የሚደርሱት ሁለት ክንዶች ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ። ክንዶቹን ደራርባችሁ ባንድነት ብሱ፤ የመሣሪያው ትክክለኛነት የሚመካው በእኩልነታቸው ነውና። ብሎኖቹ በነፃ እንዲዞሩ እያንዳንዱን እርስ በርስ በተጣበቁ ሁለት ዳዶዎች ያዙ።

አራተኛ፤ በጣውላው ሁለት ጫፎች ከሥር እግር፤ ከላይ ደግሞ በ8 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ድልድይ የሚመስል አግዳሚ አቁሙ። ከመካከለኛው ብሎን ትክክል በላይ በድልድዩ ላይ የመሰርሰሪያው ፑንታ ሳይላወስ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይበሳ። ድልድዩ ጥቂት ግራና ቀኝ እንዲል የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ሞላላ ይሁኑ።

እንግዲህ ስፋቱ ከ2 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንጨት በመንጋጋዎቹ መካከል አስገቡ፤ እጀታውን ስባችሁ አጥብቁና በትንሽ ሞርሳ ከጣውላው ጋር ያዙት፤ ከዚያ ብሱ። መሣሪያው የስፋቱን መካከል ብቻ እንደሚያገኝ አትርሱ፤ በርዝመቱ በኩል ያለውን ርቀት አስቀድማችሁ ራሳችሁ ትለካላችሁ።

ለቁም ነገር ከማዋላችሁ በፊት በቊራጭ እንጨት ፈትኑት። ከበሳችሁ በኋላ የላይ ፊቱን ሳትለውጡ ቀኙን ወደ ግራ አዙራችሁ መልሱት። ፑንታው በዚያው ቀዳዳ ከገባ መሣሪያው እውነተኛ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ከሳተ ግን ስሕተቱ ግማሽ ነው፤ መዞሩ እጥፍ አድርጎ አሳይቷችኋልና ድልድዩን በግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ አንቀሳቅሱ።

ያ ጠረጴዛ በሁለተኛው ጊዜ በዚህ መሣሪያ ተበስቶ፤ ያለ መዶሻ ተገጣጥሞ ቆሟል፤ ልጁም ያጠናበታል። የተሰነጠቀው እግር ግን በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ይገኛል፤ ራሱ እንደ መፈተኛ ቊራጭ ያገለግላል።