ቮልስ ስትገፈፍ

አሮጌ ቮልስ ሊገዛ የመጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ኮፈኑ ላይ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ባትላሜራ ግን የኋላ መቀመጫውን ያነሳል። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ሥር ስለሆነ፣ ለዓመታት የተንጠባጠበ አሲድ ወለሉን በልቶት ከሆነ የሚታየው እዚያ ነው። ከዚያ በበሮቹ ሥር የተዘረጉትን ውስጠ ክፍት ላሜራዎች በካቻቢቴ ይወጋጋል። የሞተሩ ሙቀት ወደ ተሳፋሪው የሚሄደው በእነሱ ውስጥ ነው፤ የሚበሰብሱትም ከውስጥ ወደ ውጭ ነው።

የዝገት ተንኮሉ ይሄ ነው። ብረት ከውሃና ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሲዝግ መጠኑ ይጨምርና ቀለሙን ከሥር ይገፋዋል። ላይ የምትታየው ትንሽ እብጠት ዝገቱ ሲጀምር ሳይሆን ከተስፋፋ በኋላ የምትወጣ ናት። የቀድሞ ባለቤት ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቶ ቀብቶት ከሆነም በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ያጋልጠዋል፤ ወፍራም ስቱኮ ላይ አይጣበቅም።

ፓራፋንጎዎቹ በብሎን የታሰሩ በመሆናቸው ይፈታሉ፤ ይህ ለቮልስ ትልቅ ዕድሏ ነው። ከገላዋ ጋር በሚጋጠሙበት ቦታ የተወተፈው ጥብጣብ ጭቃና እርጥበት ስለሚይዝ፣ ሳይፈታ የተቀባ ፓራፋንጎ ተቀባ አይባልም።

ቀለም ማንሳት ትዕግሥት ይጠይቃል። የድሮ መኪና ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን መፋቅ አቧራውን ወደ ሳንባ መጋበዝ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን እያራሱ መፋቅ፣ ጭንብልም ማድረግ ያስፈልጋል። ቀለም ማስለቀቂያ ከተቀባ በኋላ በላስቲክ ሲሸፈን ቶሎ አይደርቅም፤ ቀለሙ ተሸብሽቦ ሲነሳ በመፋቂያ ይገፈፋል። መገጣጠሚያ ውስጥ የቀረ ማስለቀቂያ ግን በኋላ አዲሱን ቀለም ያነሳል፤ ስለዚህ እዚያ አካባቢ በእጅ መፋቅ ይሻላል። አሸዋ በኮምፕረሰር መርጨት ለሻንሲና ለወፍራም ብረት ግሩም ነው። ሰፊና ስስ ላሜራ ላይ ግን ፊቱን እየቀጠቀጠ ስለሚለጥጠው ኮፈኑ ይወላገዳል። ጋራዥ ሁሉ የሚወደው በግራይንደር የሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ዝገት ሳያነሳ ወልውሎ ይተወዋል። ሲታይ ንጹሕ ይመስላል፤ እኔ ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው።

ለማጠፊያና ለትንንሽ ዕቃ ኤሌክትሪክ ያለ ፍቂያ ይሠራል። ሶዲየም ካርቦኔት በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ የዛገው ዕቃ ከባትሪ ቻርጀሩ ነጌቲቭ ጋር፣ ቁራጭ ብረት ከፖዘቲቩ ጋር ይያያዛል፤ ሁለቱ መነካካት የለባቸውም። ቁራጩ ስቴንለስ ስቲል ከሆነ ግን መርዛማ ክሮሚየም ሊወጣ ይችላል። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጂን ስለሆነ ደጅ፣ ከእሳት ርቆ ነው የሚሠራው።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ብረቱ ካልሳሳ ብቻ ነው። ካቻቢቴ ያለፈበት ላሜራ ይቆረጣል። ቮልስ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለችና አዲስ ላሜራ ዛሬም ይሠራላታል። የበሰበሰውን ማስታመም ከንቱ ድካም ነው።

የተገፈፈ ብረት በክረምት አንድ ሌሊት ካደረ ቡናማ ይለብሳል። ልምድ ያለው ሰው መኪናዋን ባንዴ አያራቁታትም፤ የገፈፈውን በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር ይቀባዋል፤ ስቱኮ ከዚያ በላይ ይመጣል። ውስጠ ክፍት ላሜራዎቹ ውስጥ ቀለሙ ካለቀ በኋላ በረጅም ቱቦ ሰም ይረጫል። በመጨረሻ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ እንዳልተደፈኑ በቀጭን ሽቦ ይፈተሻሉ።